ሌዘሩ የት ጠፋ? የቺፕ ወሬና የስምንት ናኖሜትሩ ጉድጓድ

እስከ ቅርብ ጊዜ ድረስ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ወሬ በአንድ ዕቃ ዙሪያ የሚሽከረከር ነበር፤ በማስሊያ ቺፕ። ማን ስንት ገዛ፣ ማን ተከለከለ፣ ማን ወረፋ ላይ ነው። እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ከ2025 ወዲህ ግን ሌላ ስም እየተደጋገመ መጥቷል፤ ሌዘር። አምራቾቹ የሚመጣላቸውን ትዕዛዝ ማድረስ እንዳቃታቸው እየተናገሩ ነው።

ምክንያቱ ብዙም አይከብድም። በአንድ ትልቅ ዳታ ሴንተር ውስጥ በአሥር ሺዎች የሚቆጠሩ ቺፖች ቀን ከሌት መረጃ ይለዋወጣሉ። በመዳብ ሽቦ ሲሆን ፍጥነቱ በጨመረ ቁጥር ምልክቱ ሩቅ አይሄድም፤ ጥቂት ሜትር ላይ ይዝላል። ስለዚህ ልውውጡ ወደ ፋይበር፣ ማለትም ወደ ብርሃን ዞሯል። ብርሃን ካለ የሚያበራ ነገር ያስፈልጋል። የሚያበራው ደግሞ የአሸዋ ቅንጣት የሚያህል ክሪስታል ነው።

በዚያው ዓመት ሁለት ዜናዎች ተከታትለው መጡ። በፌብሩዋሪ ቻይና ኢንዲየም ፎስፋይድ የተባለው ቁስ ያለ ፈቃድ ወደ ውጭ እንዳይላክ አዘዘች። በማርች የማስሊያ ቺፕ ንድፍ አውጪው ኤንቪዲያ የብርሃን ክፍሎቹን ከስዊች ቺፑ ጋር በአንድ ማሸጊያ ያስቀመጠ አዲስ ስዊች፣ ማለትም መረጃውን ከቺፕ ወደ ቺፕ የሚያከፋፍል መሣሪያ፣ አስተዋወቀ። ለየብቻ ሲነበቡ አንዱ የማዕድን፣ ሌላው የኮምፒውተር ዜና ይመስላል። የሚያገናኛቸው ሌዘሩ ነው። ሌዘሩ እንዴት እንደሚሠራ ካልታወቀ ደግሞ እጥረቱም፣ የእጥረቱ መፍትሔም አይገባም።

የስሙ ጣጣ

መጀመሪያ «ኳንተም» የሚለውን ቃል እናጥራ። ዛሬ በፋይበር መስመር ላይ ያሉ ሌዘሮች ከሞላ ጎደል ሁሉም የኳንተም ጉድጓድ ሌዘር ይባላሉ፤ ጉድጓዱ ኤሌክትሮኖች የሚታጠሩበት እጅግ ቀጭን ንጣፍ ነው። ይህን ስም የሰማ ሰው ወዲያው ስለ ኳንተም ኮምፒውተር ያስባል። ግንኙነት የላቸውም። ከኤንቪዲያ አዲሶቹ ስዊቾች የአንደኛው የንግድ ስም ኳንተም-ኤክስ መሆኑም ነገሩን አባባሰው እንጂ አላቀለለውም።

የኳንተም ጉድጓድ ሌዘር አዲስ ነገርም አይደለም። በዲቪዲ ማጫወቻ ውስጥ ነበር። ፊት በሚለይ ስልክ ውስጥ አለ። አህጉር ከአህጉር የሚያገናኘው የባሕር ሥር ኬብል በየመንገዱ ብርሃኑን የሚያጎለብተው በዚሁ ሌዘር ነው። አዲሱ ነገር የሚፈለገው ብዛት ነው።

ሁለተኛው ግራ መጋባት «ቺፕ ያው ቺፕ ነው» የሚለው ነው። ስለ ማስሊያ ቺፕ ሲወራ የሚቀድመው ጥያቄ «ስንት ናኖሜትር ነው?» የሚል ነው፤ ናኖሜትር የሜትር አንድ ቢሊዮንኛ ነው። ቁጥሩ ባነሰ ቁጥር ቺፑ ይደነቃል፤ ለዚያ የሚያስፈልገውን እጅግ ረቂቅ ማተሚያ የሚሠራውም በዓለም ላይ አንድ ኩባንያ፣ የኔዘርላንዱ ኤኤስኤምኤል ብቻ ነው። ከዚህ ተነስቶ ብዙ ሰው ሌዘርም በዚያ ማሽን የሚወሰን ይመስለዋል። አይደለም። በሌዘር ላይ ከላይ የሚሳለው ዋናው መስመር ሁለት ማይክሮሜትር ያህል ስፋት አለው። ከብዙ አሥርት ዓመታት በፊት የነበረ ማተሚያ ይበቃዋል። ረቂቁ ልክ ያለው ወደ ጎን ሳይሆን ወደ ታች፣ ውፍረቱ ላይ ነው። የማስሊያ ቺፕ ጥበብ መሳል ነው። የሌዘር ጥበብ መደርደር ነው።

ሲሊከን ለምን አያበራም?

ሰሚኮንዳክተር ከብረት ያነሰ፣ ከመስተዋት የበለጠ ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ቁስ ነው። በውስጡ ያሉ ኤሌክትሮኖች ሁለት ፎቅ አላቸው እንበል። ታችኛው ፎቅ ሙሉ ነው፤ ላይኛው ባዶ ነው ማለት ይቻላል። በመሐል መቆሚያ የለም። ይህ መቆሚያ የሌለው ርቀት ባንድ ጋፕ፣ ማለትም የኃይል ክፍተት ይባላል። ከረንት ስንሰጠው ኤሌክትሮኖች ላይኛው ፎቅ ላይ ይገባሉ፣ ታችኛው ላይ ደግሞ ባዶ ቦታዎች ይፈጠራሉ። ባዶ ቦታው ሆል ይባላል። ኤሌክትሮኑ ወደ ሆሉ ሲወድቅ የክፍተቱን ያህል ኃይል በብርሃን መልክ ይለቃል።

የክፍተቱ ልክ የብርሃኑን ቀለም ይወስናል። ሒሳቡ አጭር ነው። 1240ን ለክፍተቱ በኤሌክትሮን ቮልት (በአቶም ደረጃ ኃይል በሚለካበት መለኪያ) ሲያካፍሉት የሞገድ ርዝመቱን በናኖሜትር ይሰጣል። የጋሊየም አርሰናይድ ክፍተት 1.42 ገደማ ነው፤ ብርሃኑ 870 ናኖሜትር አካባቢ ይሆናል። ፋይበር ግን የሚወደው 1310ንና 1550ን ነው። በመጀመሪያው ምልክቱ ሲጓዝ እምብዛም አይዘረዘርም፤ በሁለተኛው እምብዛም አይባክንም። ለእነዚህ የሚያስፈልገው ክፍተት 0.95 እና 0.8 ኤሌክትሮን ቮልት ነው። እዚያ ለመድረስ በኢንዲየም ፎስፋይድ ላይ ኢንዲየም፣ ጋሊየም፣ አርሰኒክና ፎስፈረስ የተቀላቀሉበት ክሪስታል ይበቅላል።

ሲሊከንስ? ሲሊከን ውስጥ ላይኛው ፎቅ ላይ ያለው ኤሌክትሮንና ታች ያለው ሆል እንቅስቃሴያቸው አይገጥምም። ኤሌክትሮኑ ቀጥ ብሎ መውደቅ አይችልም፤ የክሪስታሉ ንዝረት ሊያግዘው ይገባል። ያ እስኪሆን ኃይሉ በሙቀት ይባክናል። ዓለም ለስልሳ ዓመት ሀብቱንም እውቀቱንም ያፈሰሰበት ቁስ ማስላት እንጂ ማብራት አይችልም። የእጥረቱ ሥር እዚህ ነው።

ማብራት ብቻውን ግን ሌዘር አይደለም። አንድ ፎቶን፣ ማለትም የብርሃን ቅንጣት፣ በኤሌክትሮን አጠገብ ሲያልፍ ኤሌክትሮኑ እንዲወድቅና ትክክለኛ አምሳያውን እንዲለቅ ያደርገዋል። ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት ይሆናሉ። ይህ እንዲሳካ ላይኛው ፎቅ በበቂ ሁኔታ መሞላት አለበት፤ ብርሃኑም በሁለት መስተዋቶች መካከል መመላለስ አለበት። የሚባዛው ከሚባክነው የሚበልጥበት ነጥብ ደፍ ይባላል። ከደፉ በታች ቺፑ እንደ ተራ አምፖል ይደበዝዛል። ደፉን ሲሻገር ብርሃኑ በአንድ ጊዜ ይጠራል፣ ይጎላል።

የመጀመሪያዎቹ ሰሚኮንዳክተር ሌዘሮች በ1962 በአሜሪካ ላቦራቶሪዎች በሳምንታት ልዩነት ተሠሩ። ደፋቸው ግን አይቀመስም ነበር። በፈሳሽ ናይትሮጅን፣ ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ ላይ ቀዝቅዘው፣ ያውም በብልጭታ ብቻ ነበር የሚሠሩት። ኤሌክትሮኖቹ በክሪስታሉ ውስጥ እየተበተኑ ይጠፋሉ። በ1963 ኸርበርት ክሮመር በአሜሪካ፣ ዞሬስ አልፈሮቭ በሶቪየት ኅብረት በየፊናቸው አንድ ሐሳብ አመጡ። ቀጭኑን አብሪ ንጣፍ ክፍተታቸው ሰፊ በሆኑ ሁለት ንጣፎች መካከል ማስገባት። ኤሌክትሮኑ ግራ ቀኝ ግድግዳ አለበት፤ መሸሻ የለውም። በ1970 በክፍል ሙቀት ሳያቋርጥ የሚያበራ ሌዘር ተገኘ። ክሮመርና አልፈሮቭ በ2000 የፊዚክስ ኖቤልን ከጃክ ኪልቢ ጋር ተጋሩ።

ጉድጓዱ

ቻርለስ ሄንሪ በአሜሪካው የምርምር ማዕከል በቤል ላብስ በ1972 አካባቢ ጉዳዩን አንድ እርምጃ ገፋው። ይህ ሳንድዊች ብርሃንን መርቶ የሚወስድ ቦይ መሆኑ ይታወቅ ነበር። ኤሌክትሮንም እኮ ሞገድ ነው። ታዲያ መሐሉ በጣም ከቀጠነ ለኤሌክትሮኑም እንዲሁ ቦይ አይሆንም ወይ? በ1974 በሙከራ ታየ፤ ይሆናል።

ንጣፉ ወደ አሥር ናኖሜትርና ከዚያ በታች ሲወርድ ኤሌክትሮኑ እንደ ልቡ መሆን አይችልም። የክር መሣሪያን ማሰብ ይጠቅማል። ክሩን በጣት ባሳጠሩት ቁጥር ድምፁ ይቀጥናል፤ በመሐል ያለውን ድምፅ ሁሉ ግን አያወጣም። ኤሌክትሮኑም በጉድጓዱ ውስጥ የተወሰኑ ደረጃዎች ላይ ብቻ ይቆማል። ጉድጓዱ ሲጠብ የመጀመሪያው ደረጃ ከወለሉ ከፍ ይላል። ግድግዳው እጅግ ከፍተኛ ቢሆን ውፍረቱ በግማሽ ሲቀንስ ከፍታው አራት እጥፍ ይሆን ነበር። እውነተኛ ግድግዳ ውሱን ስለሆነ ጭማሪው ከዚህ ያንሳል።

ከዚህ ሁለት ነገር ይገኛል። አንደኛው ቀለም በውፍረት መመረጡ ነው። ጋሊየም አርሰናይድ እንዲሁ ሲተው 870 አካባቢ ያበራል። ሰባት ስምንት ናኖሜትር ላይ ቀጥኖ በአሉሚኒየም ጋሊየም አርሰናይድ መካከል ሲታጠር ወደ 850 ይመጣል። ቁሱ አልተለወጠም፤ የተለወጠው ልኩ ነው። ሁለተኛው የሚበልጥ ጥቅም አለው። በወፍራም ቁስ ውስጥ ከታች ያሉት የኤሌክትሮን ቦታዎች ጥቂት ናቸው፤ ቁጥራቸው የሚጨምረው ወደ ላይ ሲወጡ ነው። ስለዚህ ብዙ ኤሌክትሮን ቢያስገቡም በተለያየ ከፍታ ይበተናል። በጉድጓድ ውስጥ ግን ገና የመጀመሪያው ደረጃ ላይ ብዙ ቦታ ባንድ ከፍታ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። ጥቂት ኤሌክትሮን ይበቃል። በመጀመሪያዎቹ ሌዘሮች በክፍል ሙቀት በካሬ ሴንቲሜትር በአሥር ሺዎች አምፔር ይገመት የነበረው ደፍ፣ በሳንድዊቹ ወደ ሺህ አካባቢ፣ በጉድጓዱ ደግሞ ወደ መቶዎችና ከዚያም በታች ወረደ።

ሁለት ወዶ አይሆንም

ንድፍ ማለት እዚህ ላይ ስዕል መሳል አይደለም። የትኛውን ጥቅም ለየትኛው ጉዳት እንደሚሰጡ መምረጥ ነው።

የመጀመሪያው ጣጣ ጉድጓዱ ለብርሃን መጥበቡ ነው። 1550 ናኖሜትር ብርሃን በክሪስታሉ ውስጥ 480 ገደማ ይሆናል። ስምንት ናኖሜትር ጉድጓድ ውስጥ አይገባም። ከብርሃኑ ከጉድጓዱ ጋር የሚገናኘው አንድ ሁለት በመቶ ቢሆን ነው። ስለዚህ ሁለት ሣጥን ይሠራል። ጠባቡ ለኤሌክትሮን፣ እሱን የሚያቅፈው ሰፊው ለብርሃን።

ጉድጓዶቹን ማብዛትም ይቻላል። አራት፣ አምስት፣ ከዚያም በላይ ይደረደራሉ። ብርሃኑን የሚያገኘው ክፍል ይጨምራል፤ ሌዘሩም ሲያበሩት ሲያጠፉት ፈጣን ይሆናል። ግን እያንዳንዱ ጉድጓድ መሞላት ይፈልጋል። ሆሎች ደግሞ ከባድ ናቸው፤ ከገቡበት በኩል ያሉትን ጉድጓዶች ሞልተው የሩቆቹን ይረሳሉ። ስለዚህ ከተወሰነ ቁጥር በኋላ አንድ ጉድጓድ መጨመር ከሚያመጣው የሚያስወጣው ይበልጣል።

ከዚያ ውጥረት አለ። በ1986 በእንግሊዝና በአሜሪካ የነበሩ ተመራማሪዎች ለብቻ ለብቻ ያልተጠበቀ ነገር አቀረቡ። የጉድጓዱ አቶሞች ከመሠረቱ ጋር ልካቸው ባይገጥምና ተጨፍልቀው ቢቀመጡ ሌዘሩ ይሻላል አሉ። እስከዚያ ድረስ አለመግጠም እንደ በሽታ ነበር የሚታየው። ነገር ግን ጭፍለቃው የሆሎቹን ክብደት ያቀልላል፤ ደፉም ይወርዳል። ዛሬ ከዚህ ውጭ የሚሠራ ብዙም የለም። ገደብ ግን አለው። ንጣፉ ከተወሰነ ውፍረት ካለፈ ክሪስታሉ መሸከም ያቅተውና ይሰነጠቃል፤ ስንጥቁ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ብርሃን አይሰጥም። ስለዚህ የተጨፈለቀውን ጉድጓድ በተለጠጠ ግድግዳ እያፈራረቁ ሒሳቡን ያመጣጥናሉ።

ሙያተኞቹ እስካሁን የማይስማሙበት ሙቀት ላይ ነው። የፋይበር ሌዘሮች ሙቀት አይወዱም። ሲግሉ ኤሌክትሮኖቹ ከጉድጓዱ ዘለው ይወጣሉ፤ የቀሩትም ኃይላቸውን በብርሃን ፈንታ ለሌላ ኤሌክትሮን እየሰጡ ያባክናሉ። በፎስፈረስ ላይ የተመሠረተው ቅይጥ ለመሥራት ይገራል፣ ዕድሜውም የተመሰከረለት ነው። ግን ኤሌክትሮኑን የሚይዝበት ግድግዳ ዝቅ ያለ ነው። ፎስፈረሱን በአሉሚኒየም ሲተኩት ግድግዳው ከፍ ይላል፤ ሌዘሩ ያለ ማቀዝቀዣም ይሠራል። ችግሩ አሉሚኒየም ኦክስጅን ካገኘ አይለቅም። ክሪስታሉን ሲቀርጹት ጎኑ አየር ላይ ይጋለጣል፣ ይበላሻል። አንዱ ወገን «ዕድሜ ይቅደም» ይላል። ሌላው «በዳታ ሴንተር ሙቀት ዕድሜውን የሚያሳጥረው ይኸው ያንተ ነው» ብሎ ይመልሳል። ገበያው ሁለቱንም ይገዛል። ማቀዝቀዣ ማስገባት በማይቻልበት ቦታ ግን አሉሚኒየሙ ያሸንፋል፤ ለማቀዝቀዝ የሚወጣው ኤሌክትሪክ ራሱ ወጪ ነውና።

በሴኮንድ አንድ ንጣፍ

ንድፉ ወረቀት ላይ አለ እንበል። ስምንት ናኖሜትር እንዴት ይሠራል? አይቆረጥም፣ አይፋቅም፣ ይበቅላል። ኤፒታክሲ ይባላል፤ በአንድ ክሪስታል ላይ የእሱኑ አሰላለፍ የሚከተል ሌላ ክሪስታል ማሳደግ።

አንደኛው መንገድ በቤል ላብስ አልፍሬድ ቾና ባልደረቦቹ ያሳደጉት ነው። ከሞላ ጎደል ምንም አየር በሌለበት ክፍል ውስጥ ጋሊየም፣ አሉሚኒየም፣ አርሰኒክ በየምድጃቸው ይግላሉ። ከየምድጃው አፍ ላይ መዝጊያ አለ። ሲከፈት የአቶሞች ጨረር ወደ ሞቀው ዋፈር፣ ማለትም ክሪስታሉ ወደሚበቅልበት ስስ ክብ ሳህን፣ ይተኮሳል። የተለመደው ፍጥነት በሰዓት አንድ ማይክሮሜትር ነው። ቀርፋፋ ይመስላል። የጋሊየም አርሰናይድ አንድ የአቶም ንጣፍ ግን 0.28 ናኖሜትር ነው። ስናካፍለው በሴኮንድ አንድ ንጣፍ ያህል ይመጣል። ጉድጓዱ ተሠርቶ የሚያልቀው በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ነው። መዝጊያው አንድ ሴኮንድ ቢዘገይ አንድ ንጣፍ ይጨመራል፤ ቀለሙም በአንድ ሁለት ናኖሜትር ይንሸራተታል።

ቆጠራውን የሚከታተሉበት ዘዴ ደስ ይላል። የኤሌክትሮን ጨረር በዋፈሩ ፊት ላይ በጣም አጋድለው ይለቃሉ፤ ተንጸባርቆ ስክሪን ላይ ይወድቃል። ንጣፉ ሙሉና ለስላሳ ሲሆን ነጥቡ ይደምቃል። የሚቀጥለው ግማሽ ሲደርስ ፊቱ ይሻክራል፣ ነጥቡ ይደበዝዛል። ሲሞላ እንደገና ይደምቃል። ደመቅ፣ ደብዘዝ። አንድ ዙር አንድ ንጣፍ ነው። ሰው አቶም ሲደረደር በዓይኑ እየቆጠረ ነው ማለት ነው።

ፋብሪካዎች ግን በብዛት የሚጠቀሙት ሌላውን መንገድ ነው። ሃሮልድ ማናሴቪት በ1968 ያሳየው ነው። ብረቶቹ በጋዝ መልክ ይመጣሉ፤ ኢንዲየሙ ትራይሜቲልኢንዲየም ሆኖ፣ አርሰኒኩና ፎስፈረሱ አርሲንና ፎስፊን ሆነው። በ600 እና በ700 ዲግሪ መካከል በሞቀ ዋፈር ላይ ጋዞቹ ይፈራርሱና ክሪስታሉ ይቀራል። ብዙ ዋፈር ባንድ ጊዜ ይሠራል፤ ለቫኩም ክፍሉ የሚያስቸግረውን ፎስፈረስም ይገራዋል። በአንጻሩ አርሲንና ፎስፊን ገዳይ ናቸው። ሕንፃው ራሱ በጠቋሚና በማጣሪያ የተሞላ መሆን አለበት። ግንባታው የሚወደደውና የሚዘገየው በከፊል በዚህ ነው።

ትክክለኛው ፈተና እዚህ ይጀምራል። አራት ንጥረ ነገር አለ። ቀለሙም ውጥረቱም በመጠናቸው ይወሰናል። ዋፈሩ ጫፉ ላይ ከመሐሉ በጥቂት ዲግሪ ከቀዘቀዘ የቅይጡ መጠን ይለወጣል። ከአንድ ዋፈር መሐልና ጠርዝ የወጡ ሁለት ሌዘሮች ቀለማቸው ይለያያል። ገዢ ደግሞ የሚፈልገው ተመሳሳይ ነው። ያው ሞዴል የሆኑ ሁለት ማብቀያዎች እንኳ አንድ የአሠራር ቅንብር ሰጥተዋቸው ያው ውጤት አይሰጡም፤ እያንዳንዱ ለብቻው ይገራል። ይህን የሚገራው ሰው ብዙ ዓመት ይፈጃል ለመሠልጠን።

መስተዋቱ የሚገኘው በመስበር ነው

የበቀለው ዋፈር ገና ሌዘር አይደለም። ላዩ ላይ ሁለት ማይክሮሜትር ስፋት ያለው ሸንተረር ይቀረጻል፤ ብርሃኑ እሱን ተከትሎ ይሄዳል። ለፋይበር ሌዘር አንድ ተጨማሪ ሥራ አለ። አንድ ጥርት ያለ ቀለም ብቻ እንዲወጣ በውስጡ ጥርስ ይቀረጻል። ለ1550 የጥርሶቹ ርቀት 240 ናኖሜትር ገደማ ነው፤ በክሪስታሉ ውስጥ ያለው ሞገድ ግማሽ። ብዙ ጊዜ ዋፈሩን ከማብቀያው አውጥቶ፣ ጥርሱን ቀርጾ፣ አጥቦ፣ መልሶ ማስገባትና ከላዩ ላይ ማብቀል ይጠይቃል። ሁለተኛው መግቢያ ላይ አንድ ጉድፍ ከቀረ ሌዘሩ አልቆለታል።

ከዚያ ብረት ይቀባል፣ ዋፈሩ ወደ 100 ማይክሮሜትር ይቀጥናል፣ ይሰበራል። አዎ፣ ይሰበራል። ጠርዙ ላይ ይጫርና ይጎበጣል፤ ክሪስታሉ በአቶሞቹ መስመር ቀጥ ብሎ ይከፈላል። የተከፈለው ፊት የትኛውም ማሽን ሊያለሰልሰው ከሚችለው በላይ ለስላሳ ነው። ያለ ምንም ቅብ ከሚመጣበት ብርሃን 30 በመቶ ገደማ ይመልሳል። የሌዘሩ መስተዋት ይኸው ነው። ከዚያ አንዱ ፊት እንዲያሳልፍ፣ ሌላው እንዲመልስ ይቀባል። ብርቱ ሌዘሮች ብዙ ጊዜ የሚሞቱት በዚሁ ፊት ላይ ነው። ትንሽ ጉድለት ብርሃን ይጠጣል፣ ይሞቃል፣ ሲሞቅ የበለጠ ይጠጣል፤ በቅጽበት ይቀልጣል።

እያንዳንዱ እርምጃ ትንሽ ትንሽ ይጥላል። ለምሳሌ ያህል አሥር እርምጃ ቢኖርና እያንዳንዱ 95 በመቶ ቢሳካ፣ መጨረሻ ላይ የሚተርፈው 60 በመቶ ብቻ ነው። ያውም ሌዘሩ ደኅና መሆኑ በደንብ የሚታወቀው ተሰብሮ፣ ተቀብቶ፣ ተጣብቆ ሲበራ ነው። ወጪው ሁሉ ከወጣ በኋላ።

እጥረቱ ምኑ ላይ ነው?

እዚህ ላይ አስተያየቶች ይለያያሉ። አንዱ ወገን ነገሩን ከማዕድን ያያይዘዋል። ቻይና ከኦገስት 2023 ጀምሮ ጋሊየምና ጀርመኒየም በፈቃድ ብቻ እንዲወጡ አደረገች። በዲሴምበር 2024 ወደ አሜሪካ ጨርሶ አገደች፤ በኖቬምበር 2025 እገዳውን ለአንድ ዓመት ለጊዜው አነሳችው፤ የፈቃዱ ሥርዓት ግን አልተነሳም። የፌብሩዋሪ 2025 ትዕዛዝ ኢንዲየም ፎስፋይድን ብቻ ሳይሆን ማብቀያው የሚመገበውን ትራይሜቲልኢንዲየምንም ያካትታል። ከዓለም ጥሬ ጋሊየም እጅግ አብዛኛው ከቻይና ነው የሚወጣው። ጋሊየም የአሉሚኒየም፣ ኢንዲየም የዚንክ ተረፈ ምርት ናቸው። ዋጋቸው ቢጨምር ለእነሱ ብሎ ማዕድን የሚቆፍር የለም፤ አቅርቦቱ ዋጋውን ተከትሎ ቶሎ አይነሳም።

ሌላው ወገን ማዕድኑ ሰበብ ነው ይላል። ለሌዘር የሚገባው ኢንዲየም ለስክሪን ከሚሄደው ጋር ሲተያይ ኢምንት ነው። ማነቆው አቅም ነው። ሲሊከን በ300 ሚሊሜትር ዋፈር ይሠራል። ኢንዲየም ፎስፋይድ በአብዛኛው ከ50 እስከ 100 ሚሊሜትር ነው፤ ወደ 150 የተሻገሩት ገና ጥቂት ናቸው። ቁጥሩ ዲያሜትር ስለሆነ የ75 ሚሊሜትሩ የፊት ስፋት ከ300ው አሥራ ስድስተኛ ነው። ለምን አይተልቅም? ክሪስታሉ ተሰባሪ ነው። ከ1060 ዲግሪ በላይ ሲቀልጥ ደግሞ ፎስፈረሱ ሊበን ይፈልጋል፤ እንዳይሸሽ ከ25 አትሞስፌር በላይ ግፊት ያስፈልጋል።

ሚዛኑ ወደ ሁለተኛው ወገን ያጋደለ ይመስላል። የፈቃድ ቁጥጥሩ ያዘገያል፣ ያስወድዳል፤ ሊያስደነግጥም ይችላል። ነገ ፈቃዱ ሙሉ በሙሉ ቢነሳ ግን የማብቀያው ቁጥርና የሠለጠነው ሰው ቁጥር አይጨምርም።

መውጫ የተባሉት

ኤንቪዲያ ባስተዋወቀው ዓይነት ስዊች ላይ ሌዘሩ ከቺፑ ጋር አልታሸገም። የብርሃን ማብሪያ ማጥፊያው በሲሊከን ተሠርቶ ከቺፑ ጎን ተቀምጧል፤ ሌዘሩ ራሱን ችሎ ውጭ፣ ሊቀየር በሚችል ሳጥን ውስጥ ሆኖ ብርሃኑን በፋይበር ይልካል። ምክንያቱ የሙቀቱ ጉዳይ ነው። አንዱ ብርቱ ሌዘር ለብዙ መስመር ይካፈላል፤ ኩባንያው የሌዘሩ ቁጥር በአራት እጥፍ ይቀንሳል ይላል። ቁጥሩ ቢቀንስም እያንዳንዱ ብርቱ መሆን አለበት፤ ብርቱ ሌዘር ትልቅ ቺፕ ነው፣ ፊቱም ለመቅለጥ ቅርብ ነው። እፎይታው በቁጥሩ ልክ ይሆናል ብሎ መገመት አያስኬድም። የተለመደውን፣ ሌዘሩን በውስጡ ይዞ ስዊቹ ላይ የሚሰካውን ሞጁል የሚመርጡ ኢንጂነሮች ደግሞ አንድ ሲበላሽ ነቅሎ መተካት ይሻላል ይላሉ። ለአጭር ርቀት መዳብም ገና እጅ አልሰጠም።

ሌዘሩን በሲሊከን ላይ ማምጣት የቆየ ሕልም ነው። በ2006 ኢንቴልና የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሳንታ ባርባራ የኢንዲየም ፎስፋይድ ንጣፍ በሲሊከን ላይ አጣብቀው ሠሩ። ማጣበቁ ይሠራል፤ ግን ንጣፉ መጀመሪያ የሚበቅለው እዚያው ትንሿ ዋፈር ላይ ነው። በቀጥታ ሲሊከን ላይ ማብቀል ሌላ ነገር ነው። የሁለቱ አቶሞች ርቀት ስምንት በመቶ ይለያያል፤ ስንጥቅ ይበዛል። እዚህ ላይ ተስፋ የተጣለው የኳንተም ነጥብ በተባለው ላይ ነው። ጃፓናውያኑ ተመራማሪዎች አራካዋና ሳካኪ በ1982 ያቀረቡት ሐሳብ ነው፤ ኤሌክትሮኑን በአንድ ብቻ ሳይሆን በሦስቱም አቅጣጫ ማጠር። ነጥቡ ውስጥ የገባ ኤሌክትሮን ወደ ስንጥቁ አይንከራተትም። ስለዚህ ያልተስተካከለ ክሪስታልን ይታገሣል። በላቦራቶሪ ውጤቱ ያምራል። በብዛት ሲመረት ግን የነጥቦቹ መጠን እኩል አለመሆን ያስቸግራል። ለዛሬው እጥረት የሚደርስ አይመስልም።

ስለዚህ በሚቀጥሉት ጥቂት ዓመታት ሸክሙ በነባሩ ጉድጓድ ላይ ይቀራል። ትልልቅ ገዢዎች ዋፈሩ ሳይበቅል ምርቱን በውል እየያዙ ይሄዳሉ፤ ትንንሾቹ ወረፋው ጫፍ ላይ ይቆማሉ። የአዲስ ፋብሪካ ዜናም ይበዛል። እዚያ ላይ የሪባኑ መቆረጥ ብዙ አይነግርም። ማብቀያው ይገራል፣ የመጀመሪያው ምርት ይወጣል፣ ከዚያ ናሙናዎቹ በሙቀት ክፍል ውስጥ ሳይጠፉ ይበራሉ። ብዙ ጊዜ 5,000 ሰዓት። ሰባት ወር ማለት ነው፤ ገዢው ያን ሳያይ አይፈርምም።